ከዕቃ ቤት እስከ ዲግሪ

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው ነገሠ። ውቤ ድል ሆነው ከተማረኩ በኋላ አቡነ ሰላማ የቋራውን ካሳ ቀብተው ዘውዱን ደፉለት፤ ካሳም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ያለችው ደረስጌ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የሚነሣው በዚህ ነው። የቤተ መጻሕፍት ነገር የሚያሳስበው ሰው ግን ዐይኑ ከዘውዱ ይልቅ ዕቃ ቤቱ ላይ ያርፋል። በዘመኑ ወግ መስፍን ደብር ሲተክል ጉልት ይሰጣል፣ ደወል ይሰቅላል፣ ጽዋና መስቀል ያገባል፣ መጻሕፍትም ያስጽፋል። መጻሕፍት ከገቡ ደግሞ የሚጠብቃቸው፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ፣ ሲፈለጉ ከማኅደራቸው አውጥቶ የሚያቀርብ ሰው ግድ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ ባሉ አድባራት ይህ ሰው ትምህርት ሚኒስቴር ከመኖሩ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በሥራው ላይ ነበር።

ሹመቱ እንደየደብሩ ይለያያል። አንዱ ዘንድ ገበዙ ራሱ ይይዘዋል፤ ሌላው ዘንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ የተባለ ሰው አለ። ዲግሪ የለውም፤ ትምህርቱ ግን አጭር አይደለም። ከፊደልና ከዳዊት ተነሥቶ፣ እህል እየለመነና ውሻ እየተከላከለ፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቀናውም ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን ከነትርጓሜያቸው ወደሚያስተምሩት የኔታ ይዘልቃል። እዚህ የደረሰ ሰው መጽሐፉን ሳይከፍት በቁመቱ፣ በቆዳው ድጉስ፣ በማኅደሩ ማንገቻ ያውቀዋል። ብራናው በየትኛው ቁም ጸሐፊ እጅ እንደተጻፈ ከፊደሉ አጣጣል የሚናገርም አይጠፋም። ግድግዳው ላይ በተተከለው ችካል የተንጠለጠለው እያንዳንዱ ማኅደር ቦታው የታወቀ ነው፤ ጠባቂው በጨለማም ቢገባ አይሳሳትም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በቃል ብቻ አልቀረም። በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ የሚተዉት ባዶ ቅጠሎች የደብሩ መዝገብ ናቸው። የጉልት ስጦታው፣ የሹመቱ፣ የውሉ ነገር እዚያ ይሰፍራል፤ የመጻሕፍቱ ዝርዝርም እንዲሁ። በወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት አንድ በአንድ የተቆጠሩበት ዝርዝር ይገኛል፤ የ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሥራ ነው። ካታሎግ የሚለውን ቃል ስንሰማ ዛሬ ኮምፒውተር ፊታችን ይመጣል እንጂ፣ አገራችን ይህን ሥራ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ስትሠራው ቆይታለች። የጥበቃ ደንብም ነበራት። በብዙ ደብር ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው ቁልፍ የያዙት ሰዎች አብረው ሲገኙ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ የሚሰርቀውን፣ የሚፍቀውንና አውጥቶ የሚሸጠውን የሚያወግዝ ጽሑፍ ይቀመጣል። ይህ ውግዘት ከዛሬው የመመለሻ ቀን ማኅተም ይልቅ ሰውን እንደሚያስፈራ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

የነገሥታቱም ፍላጎት ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጎንደር የገባ ጎብኚ፣ በፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ሕንጻ ያያል። ቀዳማዊ ዮሐንስ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. የነገሡ ናቸው። ሕንጻው በቁመቱ ከአባታቸው ከፋሲል ግንብ ያነሰ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ፎቶውን አንሥቶ ያልፋል። እኔ ግን ለመጻሕፍት ብሎ ድንጋይ ያስጠረበ ንጉሥ ከፋሲል ግንብ ባላነሰ የሚገርም ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ የመጽሐፉ መንገድ ወደ ውጭ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምፅዋ ተነሥቶ፣ የኮከብ መመልከቻ መሣሪያውን አሸክሞ፣ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ በደባርቅ አቅጣጫ ጎንደር ገባ። ሲመለስ በሊማሊሞ አልወረደም፤ በስናር በኩል ሄደ። መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ወጣ። አውሮፓ ሙሉ ቃሉን ካጣ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ነበርና አንዱ ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሲበረከት ትልቅ ወሬ ሆነ። ለስሜን ደብተራ ግን ሄኖክ የጠፋ መጽሐፍ ሆኖ አያውቅም። ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በስሜን አለፈ። ዋልያን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ የሰበሰባቸው የግዕዝ ብራናዎችም ፍራንክፈርት ከተማ ገቡ። የዋልያው ቆዳና ብራናው በአንድ ጓዝ መጓዛቸው የዚያን ዘመን ጠባይ ያሳያል፤ ሁለቱም ተሰብሳቢ ዕቃ ነበሩ።

የደረስጌው ንጉሥ በመጨረሻ ከሁሉም የባሰ ሰብሳቢ ሆነ። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። ለመድኃኔ ዓለም ሊሠሩ ላሰቡት ትልቅ ደብር የሚሆን ነበር፤ ቁጥሩም ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። ይህን የጎንደር ሰው እስከ ዛሬ በምሬት ያነሣዋል፤ ምሬቱም ልክ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙና ንጉሡ ራሳቸውን ሲገድሉ ያ ሁሉ ክምችት ባለቤት አልባ ሆነ። የምርኮው ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ከገዥዎቹ ዋናው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሆኖ፣ የሙዚየሙን ገንዘብ ይዞ፣ ከጦሩ ጋር የመጣ ሰው ነው። 350 ያህሉ መጽሐፍ ለንደን ገባ። ስድስት መቶ ያህሉን ለትግራይዋ ጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ሰጥተው ሄዱ።

ሆልምስ በ1870 እ.ኤ.አ. የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም በሥራው ቆየ። እንግዲህ በዘመናዊ መንገድ መጻሕፍት መጠበቅን ሙያው ያደረገ ሰው ከጎንደር መጻሕፍት ጋር መጀመሪያ የተገናኘው እንዲህ ነው። እንግሊዞቹ የወሰዱትን አልጣሉትም። ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ እያንዳንዱ ብራና ቁጥር፣ የቅጠል ብዛት፣ የባለቤት ስምና የዳር ጽሑፍ መግለጫ አግኝቷል። የአንድ የጎንደር ደብር ካህን የአያቶቹ መጽሐፍ ምን እንደነበረ ለማወቅ እስከ ዛሬ የሚረዳው ያ የእንግሊዝኛ ካታሎግ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲጽፉ ሙዚየሙ ከነበሩት ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። ሌላው ሁሉ እዚያው ቀረ።

ዘመናዊው የቤተ መጻሕፍት ሥራ በአገር ቤት መልክ የያዘው በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ሲቋቋም ነው። ከጣልያን ወረራ ማግሥት መጽሐፍ የሚሰበስብ፣ ለአንባቢ የሚያበድርና ታሪካዊ ሰነድ የሚያስቀምጥ አንድ የመንግሥት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ቤቱ ነበረ፤ ባለሙያ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ የመጀመሪያውን የላይብረሪ ትምህርት ቤት በኮሎምቢያ ኮሌጅ የከፈተው በ1887 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሃያዎቹ ተማሪዎች አሥራ ሰባቱ ሴቶች ነበሩ፣ በዚህም ከኮሌጁ አለቆች ጋር ተጣላ። በእኛ አህጉር የኢባዳንና የማከሬሬ ትምህርት ቤቶች የተነሡት በ1960 እ.ኤ.አ. ግድም ነው። ሙያውን በዲግሪ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ መሄድ ነበረበት። አገር ቤት የተፈጠረው ክፍተት በውጭ ሰዎች ተሸፈነ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ በ1950 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አደራጀ። ሪታ ፓንክረስት በ1956 እ.ኤ.አ. መጥታ ወመዘክር ውስጥ ሠራች፤ ቀጥሎም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነች። የዛሬው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሲደራጅ እሷ ነበረች።

ሪታ ፓንክረስትን ከሌሎቹ ለይቼ ማንሣት የምፈልገው በአንድ ጽሑፏ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ጥናት አሳተመች፤ መጻሕፍቱ ከየት እንደመጡ፣ ስንት እንደነበሩና የት እንደደረሱ ተከታትላ። ዘመናዊ ላይብረሪያን ወደ አሮጌው ዕቃ ቤት ዞሮ የጠፋውን የቆጠረበት ጊዜ ነው። ብርቅ ሆኖ መቅረቱ ግን ያሳዝናል፤ የአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች ወደ አሮጌው ቤት የሚዞሩበት በር በኋላ እየጠበበ ሄደ።

የትምህርቱ ነገር በዚያው ዘመን ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፋኩልቲ ላይብረሪ ሳይንስ እንደ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። መምህር የሚሆነው ልጅ ከዋናው ትምህርቱ ጎን ስለ አመዳደብ፣ ስለ ካርድ ካታሎግና ስለ ማዋስ ይማራል፤ ከዚያ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመደባል። የታሰበው ቀላልና ብልህ ነገር ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ አስተማሪ የሆነ ጠባቂ ይኖረዋል፣ አስተማሪውም መጽሐፍ የሚያውቅ ይሆናል። ሐሳቡ ሳይዳብር ግን አብዮቱ ደረሰ።

ደርግ ለመጽሐፍ ጠላት ነበር ማለት አይቻልም፤ ለአንዳንድ ጸሐፊ ጠላት ቢሆንም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው ዘለቀ፤ በማግሥቱም ዓመት ዩኔስኮ ሸለመው። ማንበብ የተማረ ገበሬ የሚያነበው ከሌለው ይረሳልና በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። ጠባቂዎቻቸው ግን ባለሙያ አልነበሩም። ቁልፉ በሊቀ መንበሩ ወይም በመምህሩ ኪስ ነበር፤ መምህሩ ሲዛወር ቤቱ ይዘጋል። በዚያ ዘመን ስሜንና ወገራ ደርግን የሚወጉት የኢዲዩም የኢሕአፓም መንገድ ነበሩ፤ ሰላም በሌለበት ተራራ ላይ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይቆይም።

በዚሁ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲው ወጣ ብሎ ሌላ ሥራ ሲሠራ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የአብያተ ክርስቲያናትንና የገዳማትን ብራና በማይክሮፊልም የሚያነሣ ፕሮጀክት ተጀመረ። ቅጂዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ወደሚገኘው ኮሌጅቪል ሲላኩ፣ እዚያ የተቀመጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እየተረጎሙና እየመዘገቡ በርካታ የካታሎግ ቅጾች አሳተሙ። ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመተው እግራቸው የማይታዘዝ ሆኖ ከአገር የወጡ ሰው ናቸው። በ1988 እ.ኤ.አ. የማካርተርን ሽልማት አገኙ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። የላይብረሪ ዲግሪ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያን መጽሐፍ በቁጥር፣ በይዘትና በዘመን የለየ ሰው ይጠራ ቢባል ግን ስማቸው ቀድሞ ይመጣል። የፊልሙ ሥራ በብዛት በሸዋና በወሎ ስለነበር ስሜን ብዙም አልተነካም፤ የደረስጌን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ የምናገኘው ዶሮቴያ ማኬዋን በ2013 እ.ኤ.አ. ስላሳተመችው ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1982 ዓ.ም. ግድም ነው። ዩኔስኮና የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ደግፈውት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአፍሪካ የሚሆን የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሲሳ እያሉ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ይጠሩት ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭም ተማሪ እየተቀበለ የማስተርስ ዲግሪ ሰጠ። ከአሁን በኋላ ለዲግሪ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን ከስሙ ጀምሮ መጽሐፍ የሚለው ጠፍቶ መረጃ ገባ። ዳታቤዝ፣ የመረጃ ፍለጋ፣ ሥርዓት ትንተና ዋናው ሆኑ። ክፍሉ በኋላ ወደ ኢንፎርማቲክስ ተጠግቶ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሲባል፣ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ ስም ክፍል ከፈቱ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ክፍል የሚገኘው በኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ ሥር፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ ጎን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለጋሾች የሚሰጡት ለመረጃ ነበር፤ ለመጽሐፍ አልነበረም። የዳባት ነገር ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብለው ይመዘግባሉ። እንዲህ ያለ ተከታታይ መዝገብ በአገሪቱ ብዙ ቦታ የለም፤ ብዙ ጥናት ተሠርቶበታል። የዳባት ሕፃን ልደቱ በዚህ ልክ ሲመዘገብ፣ ያው ሕፃን አድጎ የሚያነበውን መጽሐፍ በዚያ ጥንቃቄ የሚመዘግብለት የለም። ጣቢያውን መውቀሴ አይደለም። ገንዘብ የተከተለው እውቀት ምን ያህል እንደሚደርስ ለማሳየት ነው።

ከሁሉም መንገድ ለየት ያለው የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው። ነጌሌ ቦረና ተወልደው፣ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ ያለ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። በደርግ ዘመን ተሰደው አሜሪካ ገቡ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የላይብረሪ ሳይንስ ማስተርሳቸውን ያዙ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። ከዓለም ቋንቋ ሁሉ የሕፃናት መጽሐፍ ሲገዛ በአማርኛ የሚገዛ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው የሞኙን ማሞን ተረት በሁለት ቋንቋ አሳተሙ፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውንም ድርጅት አቋቋሙ። በ2002 እ.ኤ.አ. አገር ቤት ገብተው በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ሲኤንኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ ጀግኖች አሥሩ መካከል መደባቸው። ኢንፎርሜሽን የሚለው ቃል በገነነበት ዘመን እኚህ ሰው የተማሩት አሮጌውን ነገር ነው፤ ልጅን ከመጽሐፍ ጋር ማገናኘት። ስሜን ውስጥ እንደ ሐዋሳው ያለ አህያ አልወጣም፤ ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ያለውን መንገድ ያየ ሰው ጋሪውን ትቶ በቅሎ ያስባል።

ዛሬ ደባርቅ ላይ ተምሮ ላይብረሪያን ልሁን የሚል ልጅ በየት ያልፋል? መጀመሪያ 12ኛ ክፍልን ማለፍ አለበት። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ብዙዎቹ የገቡት በሬሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት ነው። ለስሜን ልጅ ደግሞ ከፈተናው በፊት የሰሜኑ ጦርነት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ውጊያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ፣ የደባርቅና የዳባት ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ነበር። በወሎ በኩል የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉ ቤተ መጻሕፍቶቻቸውም አልተረፉም። ያለፈው ልጅ በምደባ የሚደርሰውን ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል፤ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ቤቱ አጠገብ ቢሆንም እዚያ ይመደባል ማለት አይደለም። የፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመርጥ ኢንፎርሜሽን ሳይንስን ይሞላል። በአራት ዓመት ይመረቃል፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና አለበት።

በእነዚያ ዓመታት ላይብረሪን በሌላ ዐይን ያየዋል። የኢትዮጵያ ተማሪ ላይብረሪ ገባሁ ሲል ብዙውን ጊዜ የራሱን ደብተር ሊያጠና ነው። ጠዋት ወንበር ላይ ደብተር ጥሎ ቦታ ይይዛል፤ መጽሐፍ ከፈለገ መታወቂያ አስይዞ ይዋሳል። ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋር የሚጋፈጠው በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ ሲያዞር ነው፤ ያልተመለሰች አንዲት መጽሐፍ ተመራቂን ከነጋዋኑ ታስቆማለች። ሙያው በሕዝብ ዘንድ ያለው ምስል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ቁልፍ ያዥ፣ ጸጥታ አስከባሪ፣ ማኅተም መቺ። ጥያቄ ይዞ ወደ ላይብረሪያን የሚሄድ ተማሪ ያፈራ ዩኒቨርሲቲ እምብዛም ነው። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም፤ ላይብረሪያኑም ለጥያቄ መልስ ፍለጋ የሚሆን ጊዜና ሹመት አልተሰጠውም።

ተመርቆ ሥራ ላይ ሲቀመጥ ግን የሁለቱንም ቤት፣ የዕቃ ቤቱንም የዩኒቨርሲቲውንም፣ እውቀት የሚጠይቅ ሥራ ይገጥመዋል። ኮሃ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ካታሎግ ይሠራ እንበል፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። የዱዊ አመዳደብ የኢትዮጵያን ታሪክ 963፣ የአማርኛን ቋንቋ 492.87 ላይ ያስቀምጥለታል፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ደግሞ ጠበብ ባለች 281.75 ውስጥ ይከታታል። አንድ የስሜን ዕቃ ቤት ያለውን ሁሉ፣ ድጓውን፣ ግብረ ሕማማቱን፣ ተአምሩን፣ ገድሉን፣ በዚያች ቁጥር ውስጥ ማስገባት የሚቻል አይደለም። አለቃም ሆነ ደብተራ የሚያውቀው አከፋፈል አለ፤ ቁጥሩ ላይ ግን የለም።

የስም ነገር ይከተላል። አንዳንድ የውጭ ካታሎጎች ደራሲን በአባት ስም ይደረድራሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁን ዓለማየሁ ብለው ይመዘግባሉ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ከመሃል ቆርጠው ሥላሴ የሚሉም አሉ። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የኢትዮጵያ ስም በራሱ ስም እንዲገባ ደንብ አለው፤ ሁሉም ግን አይከተለውም። የዘመን አቆጣጠር ልዩነቱም አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመን መጽሐፍ 1958 ብሎ ማስገባትና 1966 ብሎ ማስገባት ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት እንዳሉ ያስመስላል፤ የወሩ ነገር ሲታከልበት ደግሞ ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት መጨመር ያለበት ለማወቅ የመጨረሻውን ገጽ ማየት ያሻል።

የባሰው ሆሄ ነው። አንዱ ንጉሥ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ንጉስ፤ ዐፄው ዓፄ፣ አፄ፣ አጼ ይሆናል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁሉ የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል፤ ደረስጌ ላይ የነገሠውን ንጉሥ በንጉስ የሚፈልግ ተማሪ ምንም የለም የሚል መልስ ያገኛል። ፍለጋው ሆሄያቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ማዘዝ ለኢንፎርሜሽን ሳይንስ ምሩቅ የሚከብድ ሥራ አይደለም። በየትኛው ቃል ሠ በየትኛው ሰ እንደሚገባ፣ ፀሐይን በጸ መጻፍ ስህተት መሆኑን የሚነግረው ግን የቅኔ ቤት ሰው ነው። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ሳይተያዩ ይኖራሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና የፊሎሎጂ ትምህርት አለው፣ ኢንፎርሜሽን ሳይንስም አለው፣ የሚማሩት ግን በተለያየ ክፍል ነው።

ማገናኘት እንደሚቻል ያየሁት ስሜንን ትተው ከሄዱት ዘንድ ነው። በስሜንና በወገራ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ኦሪታቸውን በግዕዝ ብራና ይጠብቁ ነበር፤ ጠባቂዎቹ ቄሶች ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ታላላቅ ጉዞዎች ብዙው ሰው ወደ እስራኤል ሲሄድ መጽሐፉም ሄደ። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ እስራኤል ወጣቶች የማስተርስ መርሐ ግብር ከፍቶ፣ ኦሪቱን ከነቃል ትርጓሜው ከቄሶቹ ጋር ሆነው እንዲያጠኑ አድርጓል። ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይይዛል፣ መምህሩ ቄሱ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ብራናም ከስሜንና ከወገራ መንደሮች የተጓዘ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያሉት የኔታዎች ወደ ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ ገብተው የካታሎግ ትምህርት ላይ አንድ ሰዓት እንዲያስተምሩ የጋበዛቸው ሰው እስካሁን አልሰማሁም።